የሹፌር ሳህን

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ያወጡለትም ለምስጋና አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ሽንቴ መጣ ቢሉት፣ ልጁን አስመለሰው ቢሉት፣ "ትንሽ ነው የቀረን" ይላል እንጂ ፍሬን አይረግጥም። የሚያቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከረጅሙ ዳገት ማዶ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለችው ምግብ ቤት ሲደርስ ማንም ሳይለምነው ጥግ ይይዝና ሞተር ያጠፋል። እዚያ የበላውን ምሳ ደግሞ ለሰው ሳያወራ ውሎ ያደረበት ቀን የለም።

ወሬው የዚያች ምግብ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመንገድ የበላውን ሁሉ ያስታውሳል። ልጆቹ የተወለዱበትን ቀን ቢጠይቁት ይንተባተባል፤ ሐይቁ ዳር የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የበላውን ዓሣ ግን እሾሁ ሳይቀር ይቆጥርላችኋል። ድንበሩ ጋ ዝናብ አግዶት የጠጣው የባቄላ ሾርባ አለ። ወደቡ አጠገብ የበላው ዶሮ አለ፤ እሱን ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍናል። የሁሉም አለቃ ግን የማደያዋ ሴትዮ የምትሠራው የበግ ሥጋ ነው። ድንች አለው፣ ካሮት አለው፣ መረቁ ወፈር ያለ ነው፣ ሥጋው ማንኪያ ሲነካው ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከዚያ በላይ አብራራ ቢሉት አይችልም። "ካልቀመሳችሁት አይነገርም" ብሎ ምራቁን ይውጣል።

ይህን ሁሉ በዋናነት የሚሰማው ማን ነው? ሚስቱ። የሚያወራላትስ መቼ መሰላችሁ? እሷ የሠራችውን እየበላ!

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስትናደድ አትጮኽም፤ መርፌዎቿን በከንፈሯ ነክሳ ሥራዋን ትቀጥላለች። ያንኑ የበግ ሥጋ፣ ያንኑ ድንችና ካሮት እሷም ሞክራዋለች። እሳት ቀንሳ ሞከረች፣ ሽንኩርት ጨምራ ሞከረች፣ ጎረቤት አማክራ ሞከረች። መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ "እጅሽ ይባረክ፣ ጥሩ ነው። ግን የሴትዮዋን ብትቀምሺው!"

"እንዲህ ከጣመህ ለምን እሷን አላገባህም?" አለችው አንድ ቀን።

"ባል አላት" አላት፣ ሳይስቅ።

እንግዲህ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር ባልና ሚስት ትልቋን ልጃቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። መንገዱ ያው የእሱ መንገድ ነው። ጋሼ ፍሬን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ የልጁ ናፍቆት እንዳይመስላችሁ።

"ዛሬ ትቀምሺዋለሽ" አላት መናኸሪያው ጋ ሻንጣ እያስጫነ። "ቀምሰሽም ከእኔ ይበልጣል ብለሽ በገዛ አፍሽ ታምኛለሽ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ባላምንስ?"

"ካላመንሽ ሁለተኛ ስሟን አላነሣም።"

"ይህማ በረከት ነው" አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ለቀልድ የተባለ ሊመስል ይችላል፤ ለሁለቱም ግን ቀልድ አልነበረም። እሱ ዕድሜውን በመሪ ላይ ጨርሶ የቀረው ነገር ቢኖር ያ ጣዕም ነው፤ አንድ ሰው እንዲያምንለት ይፈልጋል፣ ያም ሰው እሷ ናት። እሷም ብትሆን ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ስትወዳደር እንደኖረች አንዴ በዓይኗ አይታ መገላገል ፈልጋለች።

ተሳፋሪ ሆኖ መሄድ ለጋሼ ፍሬን ስቃይ ነበር። ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት አጣ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። "ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ማርሽ!" ይላል ለራሱ፣ አዲሱ ሹፌር ግን አይሰማውም። ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ አንዲት አሮጊት ጭናቸው ላይ ቦርሳ አቅፈው ተቀምጠዋል። ዳገቱ አልቆ አውቶቡሱ ወደ ማደያው ሲያዘነብል፣ ጋሼ ፍሬን ቀበቶውን አላላ፤ አሮጊቷ ደግሞ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ኤጭ! አሁንም እዚሁ!"

ጋሼ ፍሬን ሰማቸው። ተሳፋሪ ሲፈጥረው ወቃሽ ነው ብሎ አለፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሰው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ምግብ ቤት ዋና በር ገብቶ አያውቅም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ተሳፋሪው ወርዶ ወደ አዳራሹ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ጎማውን መታ መታ አድርጎ ያይና በጓሮ በኩል፣ በማድቤቱ አልፎ፣ መጋረጃ ወዳላት ትንሽ ክፍል ይገባል። ይበላል፣ አይከፍልም፤ ያን ሁሉ ሰው ያመጣው እሱ ነዋ! ከዚያ በመጣበት ወጥቶ ክላክስ ይነፋል። በየመንገዱ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ልማዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጋሼ ፍሬን በዋናው በር ሲገባ እንደ እንግዳ ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። እጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ ሚስቱ ናት ያሳየችው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የተቀደደ ፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ፣ ዝንብ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቦ ይጠብቃል። ከጥግ ላይ ያችን የሚያውቃትን መጋረጃ አያት፤ ከዚህኛው ወገን ስትታይ ሌላ መጋረጃ መሰለችው።

አሮጊቷ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ምግብ አላዘዙም። ጋሼ ፍሬን ሁለት የበግ ሥጋ አዘዘና እጁን እያፋተገ ጠበቀ።

መጣ። ሳህኑ ላይ ውሃ የመሰለ መረቅ፣ ግማሽ ድንች፣ አንድ ራቁቱን የቀረ አጥንት። ሚስቱ ማንኪያዋን ነከረች፣ ቀመሰች፣ ባሏን አየችው። ብትስቅ ይሻለው ነበር። አልሳቀችም፤ ደግማ ቀመሰች፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እንደሚል ሰው።

እሱም ቀመሰ። ድንቹ አልበሰለም። ክው አለ።

"ተሳስተው ነው" አላትና አስተናጋጇን ጠራ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የበግ ሥጋ ነው፣ አባቴ።"

"በጉስ የት ሄደ?"

በአካባቢው ያሉ ሳቁ። አስተናጋጇ አልሳቀችም። "በየቀኑ ይሄው ነው፣ አባቴ። ለሁሉም ሰው ይሄው ነው" ብላ ሌሎች ሳህኖቿን ይዛ አለፈች።

"ለቤቱ አዲስ ነህ መሰለኝ፣ ልጄ" አሉ አሮጊቷ። ቦርሳቸውን ከፍተው ዳቦ አወጡ። "እኔ ልጄን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር እዚህ ነው የሚያራግፉን። አሁንስ ለምጄዋለሁ፣ ስንቄን ይዤ ነው የምመጣው። ድሮ አንድ ሹፌር ነበር፣ ነፍስህ ብትወጣ ሌላ ቦታ አያቆምም። አንድ ቀን፣ 'ልጄ፣ እባክህ የሚቀጥለው ከተማ አቁምልን፣ የዚህ ቤት ምግብ ሆዴን ያመኛል' ብዬ ብለምነው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እማማ፣ የታመመው ሆድዎ አይደለም፣ ምላስዎ ነው' አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።"

ዳቦውን ቆርሰው ለሚስቱ ሰጧት። ተቀበለች። ለእሱም ዘረጉለት። እሱ ግን እጁን አላነሣም። የትኛዋ አሮጊት፣ የትኛው ቀን እንደሆነ አያስታውስም፤ በመስታወት የሚያየው ጭንቅላት ብቻ ነበር። ቀልዷ ግን የእሱ ናት። ለስንቱ ተሳፋሪ ብሏታል! ቤት ገብቶም ለሚስቱ አውርቶላት አብረው ስቀውባታል። ሚስቱ ዳቦውን ይዛ አሁን ቀና ብላ አላየችውም፤ አንገቷን ደፍታ ታኝካለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዝም ብሎ በልቶ፣ ዝም ብሎ ተሳፍሮ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ግን የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ያቺው ሴትዮ፣ ከማድቤት ብቅ አለች።

"ወይኔ ጉዴ! ጋሼ ፍሬን!" አዳራሹን በድምጿ ሞላችው። "እውነት አንተ ነህ? ምን ልትሠራ እዚህ ተጎለትክ? ምነው በጓሮ ሳትመጣ! ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ያመጣህልኝ፣ እዚህ ከተሳፋሪ ጋር? ተነሥ በል፣ ግባ!"

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ያንን ስም ያውቀዋል። አሮጊቷ ለእሱ የዘረጉትን ዳቦ መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጋሼ ፍሬን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

ሚስቱ ናት የተናገረችው። "እህቴ፣ ውስጥ ያለው ምግብ ከዚህ ይለያል?"

"እንዴታ!" አለች ሴትዮዋ፣ የሚያሳፍር ነገር እንዳለው እንኳ ሳይታወቃት። "የሹፌር ድስት ለብቻው ነው። ጠዋት ነው የምጥደው። ሹፌር ካልጣመው ነገ ማን ሰው ያመጣልኛል?"

"ታውቅ ነበር?" አለችው ሚስቱ።

"እኔ... የሁሉም አንድ መስሎኝ።"

"አንድ ቀን እንኳ ያን ጥግ ያለውን መጋረጃ ገልጠህ አላየህም?"

መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ግንብ አይደለም። አንድ ጣት ይበቃዋል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ሐይቁ ዳር የበላው ዓሣም በጓሮ በር ገብቶ ነው። የወደቡም ዶሮ፣ የድንበሩም ሾርባ። በዓለም ላይ ጥሩ ነገር የበላባቸው ቤቶች ሁሉ በዋናው በር ምን እንደሚያቀርቡ አንዱንም አያውቅም።

እንዲህ ሆኖም፣ አይ የሰው ነገር፣ ልቡ አልተወውም። ብትቀምሰው ትረዳኛለች አለ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይህ እንኳ ውሸት እንዳልነበር ታያለች። ተነሣና ሴትዮዋን ተከትሎ ማድቤት ገባ። ትንሿን ድስት ራሱ ከፈተ። ያው ነው! ያው ሽታ! ሳህን ሞልቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ በጓሮ ሳይሆን በአዳራሹ መሐል መጣ።

ያቺ አዳራሽ እንደዚያ ያለ ሽታ ሸትቷት አያውቅም። ባለፈበት ጠረጴዛ ሁሉ ማንኪያ ይቆማል፣ አንገት ይዞራል። አንዲት እናት ልጇ ሊያመለክት የዘረጋውን እጅ ይዛ መለሰችው። ጋሼ ፍሬን ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ ሄዶ ሚስቱ ፊት አስቀመጠው።

"ቅመሺ" አላት። ልመና ነበር።

ሚስቱ ሳህኑን አየችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ገፋችው። "እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

አሮጊቷ አሻፈረኝ የሚሉ መስለው ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ዳቦ ነው የበሉት። ትንሽ ሥጋ ቆርሰው ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የገረማቸው ነው የሚመስሉት።

"ለካ እዚህ ቤት ምግብ ይሠራል" አሉ።

አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ማንኪያውን ይዞ ተጠጋ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለችውም። ሳህኑ ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ ሚስቱ ሲመለስ አንድ ቁራጭ ሥጋና ትንሽ መረቅ ቀርቶበት ነበር። ጎረሰች። ጋሼ ፍሬን አፏን ያያል። ሠላሳ ዓመት ያወቀው ፊት ነው፣ ሲጥማት ቅንድቧ ከፍ ይላል። ቅንድቧ ከፍ አለ።

ማንኪያውን አስቀመጠች፣ አፏን ጠረገች።

"እውነትህን ነው" አለችው፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። "ከእኔ ይበልጣል።"

ከዚያ የመጀመሪያውን ሳህኗን፣ ያን የቀዘቀዘ መረቅ፣ ወደ ራሷ ስባ መብላት ጀመረች። ውጭ አዲሱ ሹፌር በልቶ ጨርሶ ክላክስ ይነፋል።