ጋሼ ኤሊና ቀይ ጉሮሮዋ

ልብስ ሰፊው ብስክሌት ይወዳል፤ ብስክሌት ግን እሱን አትወደውም። ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የከረመ እግር ዳገት ላይ ይከዳዋል። እሁድ እሁድ በያጅ ከሆነው ከሚስቱ ታናሽ ወንድምና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሐይቁ ይወጣል። እነሱ ደርሰው፣ ዋኝተው፣ ገላቸው ሲደርቅ እሱ ገና እያለከለከ ይመጣል።

"ጋሼ ኤሊ! እንኳን በሰላም ገቡ!" ይለዋል በያጁ።

ምን ያድርግ? ወፍ ማየት ጀመረ። ወፍ የሚያይ ሰው ዳገት መሃል ቢቆም ማን ደከመው ይለዋል? አሮጌ የሩቅ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ታዲያ እያደር ሰበቡ ፍቅር ሆነና አረፈው። በተለይ ቄጠማ ውስጥ የምትደበቅ አንዲት ባለ ቀይ ጉሮሮ ወፍ ነበረች። ፉጨቷን ለይቶ ያውቃል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። መልኳን ግን በመጽሐፍ ካልሆነ አይቶት አያውቅም።

"አንድ ቀን ልያት እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ" አላት ሚስቱን። እሷም ለወንድሟ ነገረች። ደግ የሠራች መስሏት ነው፣ ምስኪን።

ባለፈው እሁድ ፉጨቱ ከቄጠማው መጣ። ልብስ ሰፊው ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ። ቄጠማውን ገለጥ ሲያደርግ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? በያጁ ቁጢጥ ብሎ ወፏን በስልክ ያስጮሃል! ሁለቱ ደግሞ ከዳር ሆነው ይቀርጹታል። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አየው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ እያፏጨ ይገባ ጀመር። ይህንንስ ቻለው። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ሸፍና ስትስቅ ሲያያት ግን አንጀቱ እርር አለ።

በዚህ እሁድ አልሄድም ብሎ ዋለና፣ አላስቀምጥ ቢለው ዘግይቶ ወጣ። ሐይቁ ዳር ሦስቱ ብስክሌቶች ዛፍ ተደግፈዋል። ሰው የለም። ከቄጠማው ፉጨት መጣ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

"ዛሬስ አትስቅብኝም!" አለና ጡብ የሚያክል ድንጋይ አነሳ። ጭንቅላቱን ቢያገኘውስ? ያግኘዋ! ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ፉጨቱ ቀጥ አለ።

"ጋሼ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላው። በያጁ ከዋና ወጥቶ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ቆሟል። "ጋሼ፣ በሞቴ ይቅር በለኝ። እህቴም በሳቋ አፍራ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ያንን መዓተኛ ስልክ ቤት ጥዬው ነው የመጣሁት።"

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ ቄጠማው መለሰ። ውሃው ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ተንሳፍፋለች። በያጁ ጎንበስ ብሎ አነሳትና በመዳፉ ላይ ገለበጣት። ጉሮሮዋ ቀይ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ካለው ይልቅ ቀይ።

"ውይ፣ ስታምር! ምን ወፍ ናት፣ ጋሼ?"

"አላውቃትም" አለ።