በታርሊንግ መስክ ላይ የቀረው ጉድጓድ

ሌናርድ ሠላሳ ዓመት የገጠር አውቶቡስ ሲነዳ አንድም መንገደኛ ረስቶ ሄዶ አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከገዛ ወዲህ ግን ልቡ ሁሉ ጆሮው ላይ ሆነ፤ መሣሪያው «ጢው» ባለ ቁጥር ስሙም ይጠፋዋል።

የምታስተምረው ሙሪየል ናት፤ በእንግሊዝ አገር የኖርፎክን መንደሮች ፖስታ ስታድል በእግሯ የጨረሰች፣ ለማንም የማትመለስ ሴት። በሦስት እሑድ ያስተማረችው ዋናው ነገር ሳንቲም ማግኘት አልነበረም። ሣሩን በመኮትኮቻ ከነሥሩ በሦስት ጎን ቆርጦ እንደ ክዳን መክፈት፣ ከዚያ አፈሩን መልሶ መክደንና በእግር መርገጥ ነበር።

«ስማኝ የኔ ጌታ» ትለዋለች። «ባለእርሻው ታርሊንግ ይህን መስክ የፈቀደልኝ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ያውም በመጨባበጥ ብቻ። አንድ ክፍት ጉድጓድ ካየ ዳግም አያስገባኝም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እርጉዝ ባዝራውን እዚህ ይለቃታል። እግሯ ቢሰበር አንተን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እቀብርሃለሁ!»

«ቆርኪ ብቻ ለሚያገኝ ሰው ይሄ ሁሉ ዛቻ?»

«የቆርኪም ጉድጓድ ይዘጋል!»

በሦስተኛው እሑድ ረፋዱ ላይ ከአፈሩ ውስጥ ጥፍር የምታህል ስስ የብር ሳንቲም ወጣች። በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ ፊት፣ በሌላው መስቀል አለባት። ሌናርድ እንደ ልጅ እየጮኸ መስኩን አቋርጦ ወደ ሙሪየል ሮጠ። እሷም በማጉያ መነጽሯ አገላብጣ አየቻትና «ሰባት መቶ ዓመት ይሆናታል» ብላ አቀፈችው። መኪናው ዘንድ ሻይ ጠጡ፣ በአይብ የተሞላ ዳቧቸውን በሉ፣ ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አመሻሽ ላይ ሌናርድ ዕቃውን ሊያጥብ ቢዘረግፈው መኮትኮቻው የለም። የት እንደተወው ሲያስታውስ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ሳንቲሟን ይዞ ሲሮጥ መኮትኮቻውን ጉድጓዱ ውስጥ፣ ጉድጓዱንም እንደተከፈተ ትቶት ነበር።

መኪናውን እንዴት እንደነዳ አያውቅም። ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ባዝራይቱ መስኩ መሐል ትግጣለች። እግሮቿን አንድ በአንድ አየ፤ አራቱም ደህና ናቸው። ጉድጓዱ ግን ሣሩ ውስጥ አልታይ አለው፣ ባዝራይቱ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ትላለች። «የሙሪየልን ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ቀን ገደልኩት» እያለ ሲንከራተት ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው። መኮትኮቻው ብረት ነው! ሮጦ መሣሪያውን ከመኪናው አወጣ።

ብዙ ከዞረ በኋላ «ጢው» አለ። መሬቱ ግን ድፍን ነው። ሣሩን በጣቱ ገልጦ ሲምስ መኮትኮቻው አፈር ውስጥ ተኝቷል።

«አገኘኸው?» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። ባለእርሻው ታርሊንግ ነው። «ባዝራዬን ከመልቀቄ በፊት መስኩን ሁሌ እዞራለሁ።»

«ሚስተር ታርሊንግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን ያባርሩኝ፤ ሙሪየልን ግን አይከልክሏት፣ እባክዎ።»

«እሷስ? በፈቀድኩላት ሳምንት ጉድጓዷን ሳትዘጋ ረስታ ሄዳለች እኮ። የሷንም መኮትኮቻ ቀብሬ ዘጋሁት። በማግስቱ እያለቀሰች መጣች። ጥፋቱን ሊያርም የተመለሰ ሰው በር አይዘጋበትም። አንተማ በዕለቱ መጣህ።»

ሌናርድ እፎይ ብሎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ዕንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

«አልቅስ፣ ግድ የለም» አለ ታርሊንግ። «ግን አሁን የቆፈርከውን ማን ይዘጋዋል?»

ዘግቶ ሲያበቃ ለሙሪየል ደወለና ሁሉንም ነገራት።

«በምን ቆፈርክ?»

«በጣቴ።»

«እኔ በቤቴ ቁልፍ ነበር» አለችና እስኪወጣላት ሳቀች። «ጉድጓዱንስ ዘጋኸው?»

«ዘጋሁት።»

«ረገጥከው?»

ሌናርድ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ተመልሶ ሄደና ደግሞ ረገጠው።