የዶክተሯ አማርኛ

"አርባ አንድ ቁጥር" አለች አስተርጓሚዋ ቀነኒ ለሦስተኛ ጊዜ። ከአግዳሚው ወንበር የተነሣ ሰው የለም። ቁጥሯ የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይነ ስውሯ ብኸይታና መርታ ያመጣቻት ልጇ ሰዕዲያ ግን የሉም።

ጊዜው "ክልል" የሚለው ቃል ለአሶሳ ሰው አፍ ገና እንግዳ የነበረበት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታፔላ ቀለሙ ያልደረቀበት ዓመት ነው። የከተማው ማኅበረ ምእመናን የሰንበት ትምህርት ክፍል ለዐሥር ቀን የዓይን ሕክምና ክፍል ሆኗል። ከባሕር ማዶ የመጡ አምስት አገልጋዮች፣ የዓመት ዕረፍታቸውን ሰጥተው፣ ቲኬታቸውን ራሳቸው ገዝተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ዓይን ሞራ ሲገፍፉ ሰንብተዋል። ነገ ጠዋት አውሮፕላን ይወስዳቸዋል። ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ አልቆ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የአርባ አንድ ቁጥር ነው።

አርባ ሁለት ቁጥር ደግሞ የቀነኒ አባት ናቸው፤ አቶ ሂርጳ፣ የባምባሲ ገበሬ። አምና ከአምስቱ አንዷ፣ ዶክተር ማሪት፣ ቀኝ ዓይናቸውን ገልጣላቸዋለች። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ፊት ነበር፤ "ከስተሻል እኮ" አሏትና ሐኪሙም ታካሚውም ሳቀ። ዘንድሮ ለግራው መጥተዋል። በግራ በኩል የመጣ በሬ ሁለት ጊዜ ጥሏቸዋል፤ ሦስተኛውን ቤተሰቡ ሁሉ ፈርቶታል።

ዶክተር ማሪት እጇን እያደራረቀች ወጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሴት ናት።

"የት ሄዱ?" አለች በእንግሊዝኛ። "አሁን እኮ አንድ ዘንቢል ማንጎ ሰጡኝ። እኔም በአማርኛ አመሰገንኳቸው።"

"ምን ብለው አመሰገኗቸው?" አለች ቀነኒ።

"እግዜር ይስጥሽ" አለች ዶክተሯ አጥርታ። እጇንም እያወዛወዘች እንዴት እንዳለች አሳየቻት።

ቀነኒ ክው አለች። "አመሰግናለሁ" ለምላሷ አልገራ ቢላት ጊዜ ይህን አጭሩን ያስተማረቻት እሷው ናት። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ስለ ስንቱ ቃል ስታስጠነቅቅ ኖራ በገዛ አገሯ ቃል ተያዘች። አማርኛ ተንኮለኛ ነው። ሰው ሲሰጥህ "እግዜር ይስጥህ" ትላለህ፤ ለማኝ በርህ ላይ ሲቆምና እጅህ ባዶ ሲሆንም "እግዜር ይስጥህ" ትላለህ። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ከድምፁና ከፊቱ ይለየዋል። አማርኛን ገበያ ላይ ለቃቅማ የተማረች የበርታ ሴት፣ ያውም ፊት የማታይ፣ በምን ትለየው?

የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌ አቶ ወርቅአፈራሁ ቀረብ አሉ። አገልግሎቱን ሲያስተባብሩ ዐሥር ቀን ሙሉ ቁጭ ያላሉ ሰው ናቸው፤ ቢደክማቸው አይፈረድባቸውም።

"ከሄዱ ሄዱ ነው፣ ቀነኒ። ቀጣዩን ጥሪ" አሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ "አባትሽ አይደሉ እንዴ? እግዚአብሔር በር ሲከፍት ቆሞ ማየት ምንድን ነው?"

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ይህን አላሰበችም አይባልም፤ አስባዋለች። አባቷ ጥግ ይዘው፣ ቁጥራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ስማቸውን ሲጠብቁ ስታይ ደግሞ ይበልጥ አሰበችው።

"ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ።"

"ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን አባትሽን እናስገባለን። ብርሃኑም ጄኔሬተሩም አይጠብቁንም።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ሮጠች።

ያገኘቻቸው ወደ መንጌ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ዛፍ ሥር ነው። ብኸይታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሰዕዲያ ቆማ መንገዱን ታያለች።

"ሰዕዲያ፣ ምነው ሄዳችሁ?"

"ሐኪሙ ሂዱ አለ።"

"ኧረ አላለችም።"

"አለ። ማንጎ ወሰደ፣ ሳቀ፣ እግዜር ይስጥሽ አለ።" ሰዕዲያ አልተቆጣችም፤ የሚታወቅ ነገር እንደምትናገር ሰው ነበር አነጋገሯ። "እናቴ ይሄን አማርኛ ያውቃል። ዓይን ጠፋ፣ ሦስት ዓመት ሆነ። ገበያ ይቀመጣል፣ እጅ ይዘረጋል። ሰው ሁሉ እግዜር ይስጥሽ ይላል። እንደዚያ ካለ በኋላ መለመን ነውር ነው። መሄድ ነው።"

ቀነኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በዚያ ገበያ ስታልፍ ቃሉን ስንት ጊዜ ወርውራ እንዳለፈች አታውቅም። ከተወረወረላቸው አንዷ ይህችው ሴት ልትሆን ትችላለች። አፈረች።

"ሰዕዲያ፣ ስሚኝ። ሐኪሟ አመስግናችሁ ነው። ሹክራን ማለቷ ነው። ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ሹክራን?"

"አዎ፣ ሹክራን። ለማንጎው።"

ሰዕዲያ ጎንበስ ብላ ለእናቷ በበርትኛ ነገረቻት። ቀነኒ ከመሀሉ የለየችው "ሹክራን" የሚለውን ብቻ ነው። አሮጊቷ ሰምታ አንድ ነገር ስትናገር ሰዕዲያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

"ምን አለች?"

"አማራ ሰው ለማባረር አንድ ቃል፣ ለማመስገንም ያው ቃል ነው ወይ ይላል። ቃል አለቀበት ወይ ይላል።"

"አልቆበት ይሆናል በያት" አለች ቀነኒ፤ እሷም ሳቀች፣ ሳቁ ግን ዓይኗን አረጠበው። ብኸይታ እጇን ወደ ድምፁ ዘረጋች። ቀነኒ ያዘቻትና ብድግ አደረገቻት።

ዓይነ ስውር ይዞ መሮጥ የለም። ግቢው ሲደርሱ ግማሽ ሰዓቱ አልፏል። አቶ ሂርጳ አረንጓዴ የቀዶ ጥገና ጋውን ለብሰው፣ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ገብቶላቸው በሩ ሥር ተቀምጠዋል።

"ሰዓቱ አልፏል እኮ፣ ልጄ" አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ፤ ብኸይታን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። "አባትሽ ተዘጋጅተዋል። ለእነሱ ለሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ቁጥር እንሰጣቸዋለን በያቸው።"

ዶክተር ማሪት ከውስጥ ብቅ አለች። ሁለቱን ሴቶች ስታይ ፊቷ በራ፤ አቶ ሂርጳን ስታይ ደግሞ ግራ ገባት።

"ማንን ላስገባ? እኔ እዚህ የማውቀው አንቺ የምትነግሪኝን ብቻ ነው" አለቻት።

ቀነኒ አባቷን አየቻቸው። ከባምባሲ ጎሕ ሳይቀድ ነው የተነሡት።

"አርባ አንድን" አለች በእንግሊዝኛ፤ ጠቆመችም።

ቀጥላ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። እንግሊዝኛ ባያውቁም ከመጠቆሟ የገባቸው ገብቷቸዋል።

"አባ፣ ተራው የሷ ነበር። በኔ ጥፋት ነው የሄደችው" አለቻቸው በኦሮምኛ። "የሷ ሁለቱም ዓይኗ ነው የጠፋው።"

አቶ ሂርጳ በግራ ዓይናቸው የገባው ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወርዶ ነበርና በእጃቸው ጀርባ ጠረጉት። በሬውን አስበው ይሆናል። ከዚያ በዳነው ዓይናቸው አተኩረው አዩዋት።

"እኔን አስገብተሽ ቢሆን፣ በዚህኛው ዓይን እንዴት አድርጌ ነበር የማይሽ?" አሉ። ቀጥለውም "ገለቶሚ" አሏት።

አባት ልጁን ሲያመሰግን ደግ አይደለም ይባላል፤ ቀነኒ ግን በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም። ባሕር ተሻግረው ስለመጡት፣ መንገድ ላይ ስለተመለሱት፣ በሩ ሥር ስለተቀመጡት ሰው፣ በልቧ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

አቶ ሂርጳ ጀርባቸውን ሰጧት። የጋውኑን ማሰሪያ ፈታች። አቶ ወርቅአፈራሁ ሌላ ንጹሕ ጋውን ከሣጥን ለማውጣት ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ፣ አቶ ሂርጳ የራሳቸውን አውልቀው ያዙት።

"ይሄው አለ አይደል? አሁን የለበስኩት ነው፣ ንጹሕ ነው" አሉ።

ዶክተሯ አዲሱ እንዲመጣ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አዛውንቱን ተመለከተችና ተወችው። ቀነኒ የአባቷ ሙቀት ያልለቀቀውን ጋውን ተቀብላ ለብኸይታ አለበሰቻት፤ ማሰሪያውንም ራሷ አሰረችላት።