ለቅዳሜ ኑ

ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ሽማግሌ ሲመጣላት ጓዳ ትደበቃለች ቢሉኝ እስቅ ነበር። እኔው ራሴ ተደበቅኩ። በጓዳው በር ስንጥቅ አንድ ዓይኔን ለጥፌ፣ የገዛ ወንድሜ ምን እንደሚመልስ ለመስማት ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። አንገትጌዬ ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች የሰኩት ማይክ አለ። ልቤ ሲደልቅ አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማብኝ መሰለኝ።

ነገሩ የልጄ የትግስት ሥራ ነው። ቤሩት ሆና በስልኳ የምታየው «የመኸር ጎጆ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው፣ የፈቱ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ካሜራ ፊት ይተዋወቃሉ፣ ከተስማሙ ይጋባሉ፣ አገር ያያል። ሳትነግረኝ ፎቶዬን ላከችላቸው። «እማዬ፣ ተመርጠሻል» ስትለኝ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳት። በማግስቱ ፀጉሬን ተሠራሁ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰቆጣ ገበያ ማር እየሸጥኩ ቤቴን አቁሜያለሁ፣ የማንንም ደጅ አልጠናሁም። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን፣ ከገበያ መልስ በሬን ስከፍት «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ሰልችቶኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ትእዛዙ የሚባለውን ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የኮምቦልቻ ሰው፣ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር እየነዳ መንገድ ሲጠርግ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። በአፌ እርስዎ ነው የምለው፣ በሆዴ ግን አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ። ቡናማ ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። አንድ ቀን ካሜራ ፊት፣ «በጎልማሳነቴ የሰቆጣን መንገድ ስጠርግ ለማን እንደምጠርገው አላወቅኩም ነበር» አለኝ። ልቤ ቀልጦ ቀረ። ቆይቶ ግን ሌላ ሐሳብ ገባኝ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሶስና ወረቀት ይዛ ከእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ሥር ስታንሾካሹክ አይቻታለሁ። ቃሉ የሱ ነው ወይስ የሷ? ያለ ካሜራ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ስልክ መለዋወጥም ክልክል ነው። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ በሶስና በኩል ካልሆነ በቀር መገናኛ የለንም፣ ፈርመንበታል።

የመጨረሻው ክፍል ሽማግሌ የሚላክበት ነበር፤ ቀኑም ቅዳሜ። ሶስና ከከተማው አራት ሽማግሌ አሰባስባ ቤቴ መጣች። በደንባችን አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣምና ትእዛዙ ሆቴል ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል። የሚቀበሏቸው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ምሳው ናቸው። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቱ ነው የምላቸው። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አይወዱም፣ ለእኔ ብለው ግን አዲስ ጋቢ ለብሰው ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጡ። የካሜራው ሰው ወደ መብራቱ ዞር እንዲሉለት ሲጠይቃቸው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እዚህ አልተረጉመውም።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙ በኋላ አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን መልስ መለሱ።

«መምጣታችሁ ክብራችን ነው። ዘመድ አለን፣ እንማከር። ለቅዳሜ ኑ።»

ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። በእኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ሴት ልጁ የከበደችው ብቻ ነው። ሽማግሌ ቀጠሮ ተቀብሎ ይሄዳል፣ በቀጠሮው ይመለሳል፣ እሺ የሚባለው ያኔ ነው። ጋሼም ጋቢያቸውን አደግድገው ሽማግሌዎቹን ከበር አልፈው መንገድ ዳር እስካለው ግራር ድረስ ሸኟቸው። ካሜራውም ተከተላቸው።

የሶስና ፊት ግን ተለዋወጠ። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ችኩል ናት።

«አባባ፣ ዛሬ እሺ ካላሉ አይሆንም» አለቻቸው። «ቅዳሜ እኛ የለንም። መኪናችን አቶ ትእዛዙን ከሆቴል አንስቶ አሁን ይመለሳል፣ ክፍሉ ሐሙስ ይተላለፋል።»

«እናንተ ባትኖሩስ? የምታገባው ካሜራውን ነው እንዴ?»

«እሺ ወይም እምቢ፣ አንዱን ይበሉኝ።»

«ቅዳሜ ብያለሁ፣ ቅዳሜ ነው! እህቴ የገበያ ፍየል አይደለችም፣ ዛሬ ካልተሸጠች ይመሽባታል የምትባል።»

ሶስና ወደ ጓዳው በር ተመለከተች። ያኔ ወጥቼ፣ «ልጄ፣ ለቅዳሜ ይመለስ ተብሏል ብለሽ ንገሪው» ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌ በመጣባት ቀን ሴት አፍ የላትም ብዬ ዝም አልኩ። ማይኩን ከአንገትጌዬ ነቅለው፣ ሽቦአቸውን ጠቅልለው ሄዱ። መኪናው ከግራሩ ሲያልፍ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ሽማግሌዎቹ በሶስና የመጡ እንጂ እሱን የማያውቁ ናቸው፣ ከግራሩ ወደየቤታቸው ተበትነዋል፤ ለሱስ ምን ብለው ይነግሩታል?

እሑድ ለሶስና ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ሰኞ አነሳችና «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች፤ አልደወለችም። ማክሰኞ ገበያ ላይ የአንዷን ደንበኛ ማር ለሌላዋ ሰጠሁ፣ ሁለቱም ጮሁብኝ። ወጣት ሆኜ ሽማግሌ ሲላክብኝ እንዲህ አልሆንኩም። ያኔ ይኸኛው ቢቀር ሌላው ይመጣል፤ አሁን ከዚህ ሰው ኋላ ማን ይመጣል?

ሐሙስ ጎረቤቴ ሐሊሜ ቤት ሄድኩ። ሐሊሜ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ዲሽ ያላት እሷ ናት። ልጆቿን አስወጥታ፣ በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ቤቴ ታየ፣ ግቢዬ ታየ፣ ሽማግሌዎቹም ቆመው ታዩ። ጋሼ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ጠፋና አንጀት የሚበላ ማሲንቆ ገባበት። ከንፈራቸው «ለቅዳሜ ኑ» ሲል አየዋለሁ፣ ቃሉ ግን የለም። «የእትዬ ባንቺ ቤተሰብ ጥያቄውን አልተቀበለም» አለ ስሜን ጠርቶ የማይታይ ተራኪ። ከዚያ ጋሼ አደግድገው ሽማግሌዎቹን እስከ ግራሩ ሲሸኙ፣ እንዲያሳዝን ብለው ነው መሰለኝ፣ ቀስ እያደረጉ ረጅም ጊዜ አሳዩት። ቀጥሎ ትእዛዙ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ታየ። ሶስና አጠገቡ ሆና አንድ ነገር ነገረችው። ጫማውን ተመለከተ። በቃ፣ አለቀ።

«አንቺ፣ እምቢ ብላችሁት ነው?» አለች ሐሊሜ።

«ለቅዳሜ ነው ያልነው! አፋቸውን አላየሽም?»

«እኔማ አሁን ነገርሽኝ። እሱስ ይኸን ያውቃል ወይ?»

ስልኬ ጮኸ፣ ትግስት ናት። «እማዬ፣ ምነው እምቢ አልሽው? እዚህ ያለነው ሁሉ አለቀስን!» ትላለች። ለሷም ማስረዳት አቃተኝ።

ዓርብ ጠዋት ሶስና በመጨረሻ አነሳች። ቁጥሩን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። «የሌሎቹ ገና ስላላለቀ ውሉ አይፈቅድልኝም፣ ከሥራዬ ያባርሩኛል። ግን እትዬ ባንቺ፣ ለምን እምቢ አላችሁት?» አለችኝ። ቀጠሮ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ «ወይኔ!» አለችና ራሷ ልትደውልለት ቃል ገባች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። «አምስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ስልኩ አይሠራም» አለችኝ። ምናልባት ተናዶ ዘግቶት ይሆናል። እኔ ብሆን እዘጋው ነበር፤ አገር እያየው እምቢ የተባለ ሰው ስልኩን ዘግቶ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል?

ቅዳሜ ጋሼ በጠዋት ደረሱ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አወቀም አላወቀም፣ ቅዳሜ ብያለሁ፣ ቅዳሜ እጠብቃለሁ» ብለው ያንኑ ጋቢ ለብሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ግቢውን ጠረግኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ። ሐሊሜ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በዓይኔ እመልስላታለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል። አንዴ ማር ፈላጊ መጣች፣ አንዴ የእድር ለፋፊ ቀብር ሊናገር መጣ። ጋሼን ባየኋቸው ቁጥር እበግናለሁ። ደንብዎ ይብላዎት፣ አልኩ በሆዴ፤ አንዲት እሺ ምን ያወጣ ነበር? ወዲያው ደግሞ ራሴን እረግማለሁ፣ ጓዳ ውስጥ አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዲሱን ቀሚሴን ላወልቅ ተነሳሁ። አላወለቅኩትም።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ከፈቱ። ሁለት የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። መርዶ መሰለኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፣ አልተቀመጡም። ወደ ጓዳው ሮጬ በስንጥቋ ወደ ውጭ አየሁ። ክፍት በተተወው በር ማዶ፣ ግራሩ ሥር፣ ሁለት ቡናማ ጫማዎች ቆመዋል። እንደዚያ ቀን የተወለወሉ አይደሉም፣ አቧራ ጠጥተዋል።

«ልጃችን» ብለው ጀመሩ አንደኛው ሽማግሌ። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላውን ሰው! «ልጃችንን ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላም ላይ ነው ያገኘነው፤ አናውቀውም ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ውሎ የመጣ ነው። ‹አባቶቼ፣ በዚህ አገር ሰው የለኝምና ሽማግሌ ሁኑኝ› አለን። ዘሩን ጠየቅን፣ ሥራውን ጠየቅን። ቀብር ነበረብንና ይጠብቀን አልነው። አልጠበቀንም፣ አብሮን ሄዶ አፈር መለሰ።»

«ደግ አደረገ» አሉ ጋሼ።

«‹አንተ እኮ እምቢ ተብለሃል፣ አገር አይቷል› አልነው። ምን ቢለን ጥሩ ነው? ‹የነገሩኝማ እንደዚያ ነው። ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ወንድሟ አደግድገው ሽማግሌዎቹን እስከ ግራሩ ሲሸኙ አየሁ። እምቢ ያለ ሰው ሽማግሌ አይሸኝም። ቀጠሮ ሰጥተው መሆን አለበት፣ ቀጠሮ ደግሞ ከሳምንት አያልፍም› አለን። ይኸው በሱ ቃል መጣን። ልጃችሁን ለልጃችን።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ይኸን የጻፈለት ሰው የለም። ወረቀት አልነበረም፣ ካሜራ አልነበረም። ምንም ድምፅ የሌለውን ምስል አይቶ ወንድሜን ሰማቸው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምጣታችሁ ክብራችን ነው» አሉ። ያን አጀማመር አውቀዋለሁ። «ይሁንና ባለፈው የመጡት ሌሎች ናቸው። እናንተ ደጃችንን የረገጣችሁት ገና ዛሬ ነው። በደንቡ ከሄድን፣ ዘመድ አለን...»

በሩን በርግጄ ወጣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ጋሼ!» አልኳቸው። «ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስንት ቅዳሜ የቀረኝ መስሎዎት ነው?»

ጋሼ ምሳው አዩኝ። ቀሚሴን አዩ፣ እንባዬን አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በኽምጣኛ፣ ቀስ ብለው፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ በሚጠሩኝ ስም ጠሩኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በሉ ተቀመጡ። ሰጥተናል።»

ጋቢያቸውን አደግድገው ራሳቸው ወደ ግራሩ ሄዱ። ይዘውት ሲመለሱ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ትእዛዙ አጠገቤ ሲደርስ እጁ ወደ አንገትጌው ሄደ፣ ማይኩን ሊነካ። የኔም እጅ አንገትጌዬ ላይ ነበር። ሁለታችንም ምንም አላገኘንም።

«ያን የመንገዱን ነገር ያስጠናችኝ ሶስና ናት» አለኝ። ፊቱ ቀልቷል። «እኔ ያን ያህል አላውቅበትም።»

ሳምንቱን ሙሉ የምነግረውን ሳወጣ ሳወርድ ነበር የሰነበትኩት። የምወቅሰው፣ የማስረዳው ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

«መጡ?» አልኩት።

«መጣሁ» አለኝ።