ውኃ የነፈጉት እንግዳ

ኸውላ ኮሌራን እንግዳ ያለችው ሰው ስለ በሽታ ሲወራ ጆሮውን ስለሚደፍን ነበር። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየመኗ ኤደን ከተማ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በስልክ የሚላክ የጤና ዝግጅት እንድታዘጋጅ ሲቀጥራት የሰጧት ጽሑፍ ደረቅ ነበር። «ተህዋሲያን» ይላል፣ «የተበከለ» ይላል። ግጥም የለመደ እጇ አልቀበለውም። ቃል ስትመርጥ ሰንብታ በራሷ ድምፅ እንዲህ ስትል ቀዳችው፦

«አንድ እንግዳ አለ። እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ከዓይን የተሰወረ። ውኃ ይወዳል። ውኃ ባገኘበት ቤት ይሰነብታል፤ ውኃ ከነፈጋችሁት ግን ወጥቶ ይሄዳል።»

የመጠጥ ውኃ አፍሉ፣ በርሜላችሁን ክደኑ ማለቷ ነበር። ሰው ጓጉቶ ይጠብቅ ብላ የታመመውን እንዴት እንደሚያስታምሙ የሚናገረውን ለሁለተኛው ክፍል አቆየችው። ከዚያ መብራት ሄደና ሁለተኛው ክፍል ሳይቀዳ ቀረ። የመጀመሪያው ግን ከቃሉዓ ሰፈር እስከ ብሬቃ ሰፈር ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ኸውላም በልቧ ደስ አላት።

እማማ የሺሀረግ መታመማቸውን ሰምታ የወረደች ዕለት፣ የውኃው ጀሪካኖች ከበራቸው ውጭ ተደርድረው አገኘች። የሺሀረግና ታናሽ እህታቸው አጸደ እዚያው ፎቅ ሥር የሚኖሩ ጎረቤቶቿ ናቸው።

«እንኳን መጣሽ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለች አጸደ በሩን እየከፈተች። «እህቴን ያ እንግዳሽ ያዛት። ግን አትስጊ፣ እንዳልሽው አድርጌያለሁ።»

«ምን አደረግሽ፣ እትዬ?»

«ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልሰጠኋትም። ብትለምነኝም አልሰማኋትም። ይኸው ከጧት ወዲህ ተቅማጡም ቆሟል። እንግዳሽ ጓዙን እየሸከፈ ነው።»

ኸውላ ለምን እንደቆመ ገባት። የሚወጣ ነገር አልቆ ነው። የሺሀረግ አልጋው ላይ ተዘርግተዋል፤ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። የክንዳቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ይህን ምልክት ከዚያ ደረቅ ጽሑፍ ላይ ስታነብ «ለሁለተኛው ክፍል ጥሩ መግቢያ ይወጣዋል» ብላ አስባ ነበር።

«ውኃ ስጪያቸው። አሁኑኑ፣ ጨውና ስኳር በጥብጠሽ።»

«ንፈጉት ያልሽው አንቺው አይደለሽ?»

«ለእሳቸው አይደለም። እሱ... ምሳሌ ነበር።»

«ምሳሌ?» አጸደ እንደ መሳቅ አለች። «ቅኔ ነበር በይኛ። በእህቴ ሆድ ቅኔ ትቀኛለሽ?»

ስልኳን አንስታ ከፈተችው። ክፍሉ በኸውላ ድምፅ ተሞላ። በስልክ ያለችው ኸውላ አትደናቀፍም፤ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች ታስቀምጣለች። አልጋው አጠገብ የቆመችው ግን ትንተባተባለች፣ ፊቷ በላብ ተነክሯል። አጸደ አንዴ ስልኩን አንዴ እሷን አየች። ማንኛዋን ማመን እንዳለባት ግራ የገባት ትመስላለች።

በመጨረሻ ስልኩን ዘግታ ወጣችና አንዱን ጀሪካን አስገባች። በጠበጡ። ኸውላ ኩባያውን ወደ የሺሀረግ አፍ አስጠጋች። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ይጠጡ፣ እማማ።»

«ይሂድልኝ» አሉ በጥርሳቸው መካከል። «ትንሽ ነው የቀረው።»

የፈሰሰው ውኃ በአንገታቸው ወርዶ ትራሱን አራሰ።

ጎረቤታቸው ፋሩቅ በታክሲው ወደ ኮሌራ ሕክምና ጣቢያ ሲያደርሳቸው፣ ኸውላ ከኋላ ወንበር ሆና አዲስ መልእክት ቀዳች፦ «የታመመ ሰው ውኃ ያስፈልገዋል። ጨውና ስኳር በልኩ በጥብጣችሁ አጠጡ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ።» ጌጥ የለውም፣ ዜማ የለውም። ላከችው። ከብዙው ሰው መካከል አንዲት ሴት ብቻ መለሰችላት፦ «ሀቢብቲ፣ ውዴ፣ ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው?» የቀድሞው ግን አሁንም ከማታውቃቸው ስልኮች ወደ ማታውቃቸው ስልኮች እየሄደ ነበር። ከራሷ ስልክ ሰረዘችው። ከሌላው ሰው ስልክ ልታጠፋው አትችልም።

በጣቢያው ሪም የምትባል ነርስ የየሺሀረግን ክንድ አስራ ደም ሥር ፈለገች። መርፌውን ወጋች፤ አወጣች። ሌላውን ክንድ ሞከረች። ደም ሥሩ ከቆዳው በታች ተኝቷል።

«ሌሽ?» አለች በዐረብኛ፣ ቀና ሳትል። «ለምን ውኃ አልሰጣችኋትም? ማን ከለከላችሁ?»

አጸደ ኸውላን አየቻት። «አላወቅንም» አለች።

ይህ ኸውላን ከስድብ ይልቅ ከበዳት። ነርሷ ወደ አሮጊቷ እግር እየዞረች ኩባያና ማንኪያ ለኸውላ አቀበለቻት። «ደም ሥር እስካገኝ በትንሽ በትንሹ አጠጫት። መዋጥ ትችላለች፤ እምቢ ብላ ነው።»

ኸውላ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ወደ አሮጊቷ ጆሮ አቀረበች። እውነቱን እንዳትነግራቸው፣ እውነቱን ለማስረዳት ጊዜ የለም። ያላት ያው እንግዳ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ሄዷል» አለቻቸው በዚያ በማይደናቀፈው ድምፅ። «እንግዳው ወጥቶ ሄዷል። አሁን ይጠጡ።»

የሺሀረግ ዓይናቸውን በጭንቅ ገለጡ። አፋቸው ለመከፈት እንደ መላላት አለና ቆመ።

«ወዴት ሄደ?» አሉ። «አጸደ ጋ እንዳይሆን።»

ኸውላ መልስ ፈለገች። ነርሷ የእግሩን ደም ሥር በጣቷ እየዳበሰች «አጠጫት እንጂ» ትላታለች። የሞላው ማንኪያ ከገጠመው ከንፈር ፊት ቆሟል።