ከዛፎቹ መዝገብ የጎደሉ ቀናት

ፍሬሕይወት ኃይለየሱስ አዳማ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌና የሱሪ ወገብ ስትለካ ትውላለች። ባለፈው ጥር ፋብሪካው ከአንድ የደን ምርምር ቡድን ጋር ተነጋግሮ፣ ከሠራተኞቹ አሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ለስምንት ቀናት ከኩየራ በላይ ባለው ደን ዛፍ ሲለኩ እንዲቆዩ ማስታወቂያ ለጠፈ። መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ነበረች።

ዘጠኝ ዓመት አጠገቧ የሠራችው ዙለይካ ማመን አቃታት።

«አንቺ? ጫካ ሲነሳ ፊትሽ የሚጠቁረው ልጅ?»

«አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼው ይውጣልኝ» አለች ፍሬሕይወት።

ያንን ደን ሳታየው ነበር የምትጠላው። አባቷ አቶ ኃይለየሱስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖሩት እዚያ ነው። የደን ባለሙያ ነበሩ። በሁለት ወር አንዴ ወደ አዳማ ብቅ ይላሉ፣ አራት አምስት ቀን ይሰነብታሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉም የቤቱ ሰው ለምዶት ነበር። ያልለመዱት፣ ሊለምዱትም ያልቻሉት፣ በጥር 1994 ዓ.ም. የሆነውን ነው።

ያን ጊዜ ፍሬሕይወት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኪሩ አራት። ኪሩ ማክሰኞ ጠዋት አንገቴን አመመኝ አለ፤ ማታውን በማጅራት ገትር ሞተ። ወዲያው የጎረቤት ሰው አባትየውን ሊጠራ ተላከ። ቀብር አለፈ፣ ሠልስት አለፈ፣ አቶ ኃይለየሱስ የደረሱት በአምስተኛው ቀን ነው። እናትየው ጥሩነሽ ለቀስተኛው ሁሉ እያያቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ፦

«የት ነበርክ?» አሉ።

«ሥራ ላይ» አሉ አቶ ኃይለየሱስ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያቺ አንዲት መልስ ቤቱን ለሁለት ከፈለችው። ጥሩነሽ ከአምስት ዓመት በፊት እስኪያርፉ ድረስ ከባላቸው ጋር ከአንድ ትሪ አልበሉም። ፍሬሕይወትም «አባዬ» ማለት ያን ሳምንት ተወች። ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው ሲመጡ ምግባቸውን አቅርባለች፣ ልብሳቸውን አጥባለች፣ ሐኪም ቤት ወስዳለች። አጠገባቸው ተቀምጣ ግን አላወራቻቸውም። «ብላ»፣ «መድኃኒትህን ውሰድ»፣ «በሩን ዝጋው»፤ ከዚህ የዘለለ ነገር አልነበራትም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። መጀመሪያ ቁልፍ ይጠፋቸው ነበር። ቀጥሎ የቤቱ መንገድ ጠፋቸውና የባጃጅ ሾፌሮች እያመጡ ያስረክቧት ጀመር። አሁን አሁን እሷንም አንዴ እህቴ ናት፣ አንዴ ነርስ ናት ይላሉ። ወደ ደኑ ስትሄድ ጎረቤታቸው እትዬ ሑስና «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አለሁ» ብለው ተቀበሏት።

መኪናው ቆቃን በግራ ትቶ፣ በመቂና በዝዋይ አልፎ ወደ አርሲ ነገሌ ሲቃረብ፣ ሠራተኞቹ ከሥራ ማምለጣቸው ደስ ብሏቸው ይዘፍኑ ነበር። ከኩየራ ወደ ተራራው ሲታጠፉ ዘፈኑ እየቀነሰ መጣ። ደን እናያለን ብለው የጠበቁት፣ ከሩቅ ሲታይ አናት አናቱ ገርጥቶ ነበር።

ምርምሩን የሚመራው ዶክተር ጠሃ የሚባል ወጣት ነው። ድንኳኖቹ ፊት ሰብስቦ አስረዳቸው።

«እነዚህን ዛፎች ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ በአንድ ስንለካቸው ኖረናል። ዛፍ ሲወፍር ካርቦን ያከማቻል። ዝናብ ሲዛባ፣ ሙቀት ሲጨምር መወፈሩን ይተዋል፤ ከዚያ ይደርቃል። እናንተ የምትጽፉት እያንዳንዱ ቁጥር ይህ ደን ምን እየሆነ እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።»

ሥራው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው። ፍሬሕይወት ሜትሩን በደረቷ ልክ በግንዱ ዙሪያ ትጠመጥማለች፣ ቁጥሩን ትጠራለች፤ አብራት የመጣችው ዙለይካ ትጽፋለች። በማግስቱ ከሁሉም የፈጠነችው ፍሬሕይወት ነበረች። የደኑ ጠባቂ ኦቦ ጆቴ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ እጇን ያዩ ነበር።

«ይህቺ ልጅ ከዚህ በፊት ለክታለች» አሉ።

«ሸሚዝ ነው የምለካው፣ ኦቦ።»

ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። በሦስተኛው ቀን በደረሱበት ቦታ ከአርባ ጥዶች አሥራ ዘጠኙ ቆመው ደርቀዋል። ዙለይካ በእያንዳንዱ ቁጥር አንጻር «ሞቷል» ብላ መጻፍ ነበረባት። ከሰዓት በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልለካ። የሰው ስም ዝርዝር የያዝኩ እየመሰለኝ ነው።»

በአራተኛው ቀን ግንዳቸው ላይ የተመታው የቁጥር ሰሌዳ የተነቀለ ዛፎች አጋጠሟቸው። ዶክተር ጠሃ የድሮዎቹን መዝገቦች ይዞ መጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማመሳከር ጀመሩ። ፍሬሕይወት የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ጽሑፉን አወቀችው። ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተሮቿ ላይ ስሟን የጻፈላት ያው እጅ ነው፤ የ«ፍ»ን ጭራ እንዲሁ ነበር የሚያስረዝመው።

«ጋሽ ኃይለየሱስ የሚባሉ ባለሙያ ናቸው» አለ ዶክተር ጠሃ። «የዚህ ደን ታሪክ ግማሹ በሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። እኔ አላገኘኋቸውም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩም አላውቅም።»

የ1994ን መዝገብ ፈልጋ አወጣች። የምትፈልገውን ታውቀዋለች። ጥር 14 ቀን ወንድሟ ሲሞት፣ 15 ሲቀበር፣ አባቷ የትኛውን ዛፍ እየለኩ እንደነበር በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ማየት ፈልጋ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በልቧ የያዘችውን ክስ በማስረጃ ልትዘጋው።

ገጹን ገለጠች። ጥር 13፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰማኒያ ሰባት ዛፎች በጥንቃቄ ተሞልተዋል። ሰማኒያ ስምንተኛው ላይ የዛፉ ስም «ዝግባ» ተብሎ ተጽፏል፤ ልኩ የለም። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው። የሚቀጥለው ጽሑፍ የካቲት ውስጥ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

ዶክተር ጠሃ ጎንበስ ብሎ አየ። «እሱን ተዪው፣ የጎደለ መረጃ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጀመሩትን ልኬት መሃል ላይ ያቋረጡት ያኔ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ጆቴ ከኋላቸው።

ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡና የተጎዳውን እግራቸውን ዘረጉ።

«ያኔ ካምፑ ውስጥ እኔና ኃይሌ ብቻ ነበርን። ያንን ዝግባ ልንለካ ስንጠጋ ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ወደቀብኝ። ጭኔ ተሰበረ፤ አጥንቱ ወጣ። ኃይሌ ሸሚዙን ቀዶ አሰረኝ፣ ሮጦ የመንደር ሰው ጠራ። በቃሬዛ ይዘውኝ ወረዱ። ሻሸመኔ ስንደርስ ሐኪሙ፣ ደም ካላገኘ ያድራል አልልም አለ። ኃይሌ ክንዱን ዘረጋ። ሲደክመው እኔ አጠገብ መሬት ላይ ተኛ። ሚስቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። 'ጆቴ ዓይኑን ሳይገልጥ የትም አልሄድም' አላት ኃይሌ። አራት ቀን እንዲያ ቆየ።»

ኦቦ ጆቴ ትንፋሽ ወሰዱ።

«ስነቃ ወደ ካምፕ ተመለሰ። ለካ ከአዳማ ሰው ተልኮ መጥቶ፣ የሚያገኘው ሲያጣ ወረቀት ድንኳኑ ውስጥ ትቶ ሄዷል። ልጅህ አርፏል የሚል ወረቀት። ወረቀቱ ሦስት ቀን እዚያ ሲጠብቀው ነበር።»

ዙለይካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፍሬሕይወት ግን ገና አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም።

«ታዲያ ለምን አልተናገረም? ለቤተሰቡ ለምን አልነገረም?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ከሐኪም ቤት ስወጣ፣ ሄጄ ከባለቤትህ እግር ላይ ልውደቅ አልኩት። እምቢ አለ። 'ጆቴ፣ ብነግራት የልጇን ሞት ባሰበች ቁጥር አንተን ትረግማለች። አንተ ደግሞ ልትወልድ ነው። እኔን ትጥላኝ፤ እኔ ባሏ ነኝ' አለኝ።» ሽማግሌው ፊቷን አተኩረው አዩ። «አንቺ ለምንድን ነው የምታለቅሺው፣ ኢንታላኮ፣ ልጄ?»

«ያ የሞተው ልጅ፣ ኪሩ፣ ወንድሜ ነው» አለች።

ኦቦ ጆቴ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ተንፏቀው ተጠግተው ሁለት እጇን ያዙ። ዶክተር ጠሃ መዝገቡን ዘግቶ ከአጠገባቸው ራቅ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬሕይወት የቀሩትን ቀናት ለመቆየት አቅም አጣች። እስከ ኩየራ በባጃጅ ወረደች፤ ከዚያ አውቶቡስ ያዘች። ከልብሷ ላይ የደኑን አቧራ አላራገፈችም፤ የመለኪያው ሜትር አሁንም አንገቷ ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ በልቧ የምትለማመደው አንድ ቃል ነበር። «አባዬ» ልትል ነው። አባዬ፣ ጆቴ ነግሮኛል። አባዬ፣ አላወቅንም። አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ሞጆ ስትደርስ ተሳፋሪው እስኪያያት ታለቅስ ነበር።

ቤት የደረሰችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አቶ ኃይለየሱስ ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ተቀምጠዋል፤ እትዬ ሑስና ብርቱካን ልጠው እያጎረሷቸው ነው። አባትየው ቀና ብለው ጭቃ የነካውን ጫማዋንና አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሲያዩ ፊታቸው በራ። እንዲያ ሲበራ ካየችው ዓመታት አልፈዋል።

«አባዬ» አለች፣ እግራቸው ሥር ተንበርክካ።

«መጣችሁ?» አሉ። «ደህና ነሽ፣ ልጄ? ስንት ለካችሁ?»

ከደኑ የመጣች ሠራተኛ መስላቸዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የነፈገችውን ቃል፣ ማንኛዋም ወጣት ለሽማግሌ እንደምትለው ሰምተው አለፉት። እትዬ ሑስና «ኃይለየሱስ፣ ልጅህ'ኮ ናት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ራሷን ነቅንቃ አስቆመቻቸው። እሳቸውም ሳህኑን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ብዙ ለካን» አለች። ልጃቸው ሆና አንተ ስትላቸው ኖራ፣ አሁን እርስዎ ማለት ጀመረች። «ኦቦ ጆቴ ሰላም ብለዎታል።»

«ጆቴ! እግሩ እንዴት ሆነ?»

«ይሄዳሉ። በዱላ።»

«ተመስገን። ተመስገን።» ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ከአዳማ ነሽ አይደል? እዚያ አንዲት ልጅ አለችኝ። ፍሬሕይወት ትባላለች።»

«አውቃታለሁ።»

«አታናግረኝም።»

«ለምን?»

«ልክ ናት» አሉ። «ወንድሟ ሲሞት አልደረስኩም። ሕፃን ናት፣ ምን ብዬ አስረዳታለሁ? እያንዳንዱ ዛፍ በዓመት ስንት እንደወፈረ ጠይቂኝ፣ እነግርሻለሁ። እሷ ስንት እንዳደገች አላውቅም። በሄድኩ ቁጥር አድጋ ነው የማገኛት።»

ፍሬሕይወት እጃቸውን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ሰምታለች። የጆቴንም። ይቅር በለኝ በይልኝ ብላኛለች።»

«ማን?»

«ፍሬሕይወት።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እውነትሽን ነው?» አሉ። «እውነቴን ነው» አለች። በረጅሙ ተነፈሱና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረው ተቀመጡ፤ አባትና ልጅ ከኪሩ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ከፋብሪካ ስትመለስ አቶ ኃይለየሱስ በዚያው ቦታ ነበሩ። አጠገባቸው ስትቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንዲት ልጅ አለችኝ፤ አታናግረኝም» አሉ።

ይቅርታው አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም። እንደገና ነገረቻቸው፤ እንደገና አለቀሱ፤ እንደገና ቀለላቸው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አንዳንድ ቀን ያምኗታል፤ አንዳንድ ቀን «አንቺ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ፍሬሕይወት ከሥራ ስትወጣ ጓደኞቿ ሻይ እንጠጣ ሲሏት እምቢ ማለት ጀመረች። ቀድማ ካልደረሰች ያቺን አረፍተ ነገር ብቻቸውን ይዘዋት እንደሚያመሹ ታውቃለች።

ዶክተር ጠሃ በመጋቢት ደወለላት። በዚያ ባዶ ገጽ አንጻር ምክንያቱን መጻፍ ይፈልጋል፤ የእሷን ፈቃድ ጠየቀ። «ጻፈው» አለችው። «የኦቦ ጆቴንም ስም ጻፍ።»

በሚያዝያ አንድ ቀን ማታ፣ ደክሟት ስለነበር ይሁን ሆዷ ብሶት፣ መታገሥ አልቻለችም። ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባዬ፣ እየኝ። እኔ ነኝ። ፍሬሕይወት እኔ ነኝ።»

አቶ ኃይለየሱስ ፊቷን በጥንቃቄ መረመሩት። ግንባሯን፣ በጆሮዋ በኩል ብቅ ያለውን ሽበት፣ ዓይኖቿን አዩ። ከዚያ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም እንዳይከፋት እየተጠነቀቁ እጇን ከጉንጫቸው አወረዱ።

«አይ፣ እሷ ትንሽ ናት» አሉ። እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው እስከ ወገባቸው ድረስ አሳዩዋት። «ይህችን ታክላለች።»

ከዚያ ወዲህ ፍሬሕይወት ማንነቷን ለማስረዳት አልሞከረችም። አመሻሽ ላይ ከሥራ ትመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ አጠገባቸው ትቀመጣለች። «ልጅዎ ሰላም ብላዎታለች፣ ጋሼ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ደህና ናት? አደገች?» ይሏታል።

«አድጋለች» ትላቸዋለች።