ዘመድ የሌለበት ከተማ

ከንፋስ መውጫ መጥተው የቀየሩት ሚኒባስ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ሳይወጣ ሳሮን ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችና ከቦርሳው ሥር ከተተችው። ከውስጥ የለበሰችው ሹራብ አረንጓዴ ነበር። ባሏ ፀጋዬ ከመጋቢት ወዲህ ከጥቁር ሌላ ለብሳ አይቷት አያውቅም፤ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋላት።

"እዚያ ማንም አያውቀንም አይደል?" አለችው።

"ማንም።"

ይህን "ማንም" ለማግኘት ፀጋዬ ብዙ ደክሟል። እሱ ንፋስ መውጫ ሒሳብ ያስተምራል፤ እሷ እዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ክረምት ሲገባ የንፋስ መውጫ መምህር እጁ ላይ ትንሽ ነገር ካለ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ ይነሣል፤ መስከረም ላይ ስለ ዓሣው እያወራ ይመለሳል። ባልና ሚስቱም እስካለፈው ዓመት እንደዚያው ነበሩ። ዘንድሮ ግን ባሕር ዳር የፀጋዬ እህት መኖሯ ችግር ሆነ። ጎንደር የሳሮን የክርስትና እናት አሉ። ደብረ ታቦር አጎቷ አለ፤ ወገዳ ከተማ ደግሞ የፀጋዬ አባት ወገን በሙሉ አለ። ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ መያዝ ዘመድን መስደብ ነው፤ ዘመድ ቤት ማረፍ ደግሞ ዘንድሮ የማይቻል ነገር ሆኗል።

የአራት ዓመት ልጃቸው ፀደይ መጋቢት ላይ ታማ በሳምንቷ ሞተች። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ዘመድ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ እናትየዋን መጀመሪያ ባገኛት ቀን ማልቀስ አለበት። ሳሮን ግንቦት ላይ ለሥልጠና ደብረ ታቦር ሄዳ አጎቷ ቤት ጎራ ብትል ዋይታው ከበሩ ጀመረ። ጎረቤትም ተጠራ። ያን ቀን ደረቷን እየደቃች ዋለች፤ ሥልጠናውም ቀረባት።

"ሰዉ በየተራ እየመጣ ልጄን እንደ አዲስ ይቀብርብኛል" አለችው ለፀጋዬ ስትመለስ። "ለጥቂት ቀን እንኳን የማያለቅስብኝ ሰው ያለበት አገር ውሰደኝ።"

ፀጋዬ ከተሞቹን ከነዘመዶቹ አንድ በአንድ ሲጥል የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ብቻ ቀረች። የሥራ ባልደረባው አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ስብሰባ ተጠርቶ እንደሆነ ጠየቀው፤ ለዕረፍት እስቴ የሚሄድ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነም ነገረው። ፀጋዬ ቀልዱን ቻለው። የሚመርጠውን የሚያውቅ መስሎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ዝናቡ አላባራም፤ የተሳፈሩባት ባጃጅ በጭቃው እየተንሸራተተች ከአንድ አልጋ ቤት በር ላይ አወረደቻቸው። ባለቤቷ እትዬ የኔነሽ ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ሰውን ማወቅ የሚወዱ ሴት ናቸው። ከየት እንደመጡ፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ፣ የአገራቸው የጋይንት ድንች ዘንድሮ እንዴት እንደያዘ ጠየቁ። ለዕረፍት መምጣታቸውን ሲሰሙ ደስም አላቸው፣ ጠረጠሩም።

"እዚህ? ሰው ከዚህ ወጥቶ ነው እንጂ የሚያርፍ" አሉ። ቢሆንም ፀጥ ያለውን የጥግ ክፍል ሰጧቸው። ቁልፉን እያቀበሉ ነው ያን ጥያቄ የጠየቁት።

"ልጆቻችሁንስ ለማን ተዋችኋቸው?"

ፀጋዬ ዘመድን ሁሉ ሲያሸሽ ከርሞ ይህቺን ጥያቄ አላሰባትም ነበር። እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ እሷን ነው።

"ልጅ የለንም" አለ፣ ሳሮን አፏን ሳትከፍት። "ገና ነን።"

የእትዬ የኔነሽ ፊት ፈካ። "አይዟችሁ፣ ልጆች ናችሁ። እመብርሃን ማኅፀንሽን ትባርከው ልጄ። ለከርሞ ይዛችሁት ትመጣላችሁ።"

ሳሮን አሜን አላለችም። ክፍሉ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ስንት ቀን ነው የምንቆየው?"

"አምስት ቀን ብለን አልነበር?"

"አምስት ቀን ሙሉ አልወለድኩም ማለት ነው።"

"አንቺው ነሽ ማንም አያልቅስብኝ ያልሽው" አለ ፀጋዬ። "ላሳርፍሽ ብዬ ነው።"

"አያልቅሱብኝ አልኩ እንጂ፣ ልጄን ካዳት አልወጣኝም።"

ብትጮህበት ይቀለው ነበር። አልጮኸችም፤ ጠዋት እንመለስ አለች ብቻ። ፀጋዬ ላመጣቸው ሾፌር ደውሎ ለነገ የሁለት ሰው ቦታ አስያዘ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ቆሞ የቆርቆሮውን ውሃ ሲያይ ሌላ ነገር ትዝ አለው። "የለንም" ያለው ሳሮንን ለማዳን ብቻ አልነበረም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለአንድ አፍታ ምንም ያልደረሰበት ሰው ሆኖ ነበር፤ ቀልሎትም ነበር። ያሳፈረው ይህ ነው። ንፋስ መውጫ ቢሆን አንዱ ጎረቤት ያርመው ነበር። እዚህ ፀደይ መኖሯን የሚመሰክሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው፣ እሱም ዋሽቷል።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሳሮን አየር ልውሰድ ብላ ወጣች። ፀጋዬ ጥቂት ቆይቶ ተከተላት። በረንዳው ላይ እትዬ የኔነሽ ድንች ይልጣሉ፤ ሳሮን አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ መካን ያስወልዳል ስለሚባል አንድ ጠበል፣ ማን ሄዳ ማንን እንደወለደች ይተርካሉ። ሳሮን ዓይኗን ከድንቹ ልጣጭ ላይ አልነቀለችም።

"እትዬ የኔነሽ፣ ቅድም የነገርኩዎት ልክ አይደለም" አለ ፀጋዬ። "ልጅ ነበረችን። ፀደይ ትባላለች። መጋቢት ላይ ሞተችብን።"

እትዬ የኔነሽ ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁት፤ ጥለቱ እንደ ለቅሶ ወግ ወደ አንገታቸው ዞረ። ፀጋዬ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ሳሮን ተነሥታ ትገባለች ብሎ ከበሩ ላይ ዞር አለላት።

ሳሮን አልተነሣችም። ዋይታውም አልመጣም። ሴትዮዋ ድምፅ ሳያሰሙ እንባቸውን አወረዱ፤ ያላዩትን ልጅ ምን ብለው ያልቅሱ። ቆይተው የሳሮንን ጉልበት ነካ አደረጉ።

"እኔ አላየኋት፣ አላውቃት" አሉ። "እስቲ ንገሪኝ ልጄ፤ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?"

ከመጋቢት ወዲህ ሳሮንን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዘመዱ ሁሉ ፀደይን ያውቃታል፤ ስለዚህ አልቅሶ ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። ሳሮን ከወለሉ አንድ ልጣጭ አነሣችና በጣቷ ጠቀለለችው፤ ፀጋዬ ሌላ ጥፋት ያጠፋ መሰለው።

"አስቸጋሪ ነበረች" አለች በመጨረሻ። "ጫማዋን እያወለቀች ለጎረቤት ውሻ የምትሰጥ። ብርድ ይመታዋል ብላ።"

"ኧረ የኔ እናት" አሉ እትዬ የኔነሽ።

"አባቷ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጫማ ፍለጋ መውጣት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይስቅበታል።"

ይህን ስትል እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ስለ ፀደይ ፀጉር መናገር ጀመረች፣ ስትሠራት እንዴት እያመለጠች ግማሹን ተሠርታ ግማሹን እንደተበተነ ትውል እንደነበር። እትዬ የኔነሽ ቢላዋውን አነሡ፤ ለሳሮንም ሌላ ቢላዋ አቀበሏት። ሳሮን ለፀጋዬ ቦታ ለመልቀቅ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋች።

ፀጋዬ ከመቀመጡ በፊት ስልኩን አወጣና ለሾፌሩ ደወለ። የያዘላቸውን ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገረው።